ሬስቶራንት የተባለችው ሻይ ቤት

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከወንድም ፍቅር ነው። ባለ ሻይ ቤቷ በሯ ላይ ያለው ጽሑፍ ቢደበዝዝባት ቀለም ቀቢ ለሆነው ታናሽ ወንድሟ "እስቲ እሱን ነገር አድስልኝ" አለችው። እሱ ደግሞ ሲፈጥረው ትንሽ ነገር አይሆንለትም። እሑድ ቤቱ ተዘግቶ ሲውል መጣና "ሻይ ቤት" የሚለውን ፍቆ፣ በደማቅ ቀይ "ሬስቶራንት" ብሎ ጻፈላት። ያውም ከነአበባው። አልበቃው ብሎ አግዳሚ ወንበሮቹን ነጭ ቀባቸው።

ሰኞ ጠዋት አብሯት መጥቶ ሲያሳያት ክው አለች።

"ምነው፣ ምግብ ቤት ብትለው ምን ነበረበት?"

"ምግብ ቤትማ በየማዕዘኑ አለ።"

"ካፌስ?"

"ካፌ ካልሽውማ አንድ ስኒ ይዞ ስልኩን ሲነካካ የሚውለው ሁሉ ይጎለትብሻል። እታለም፣ እስከ መቼ ሻይ ስትቀጂ ልትኖሪ ነው?"

ለእሷው ብሎ ነው። ዓይን ዓይኗን እያየ ምስጋና ሲጠብቅ ምን ትበለው? "እጅህ ይባረክ" ብላ ሸኘችው።

ደንበኞቿ ከመንገዱ ማዶ ያሉት የጋራዥ ሠራተኞች ናቸው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ የሚጠብቃት ሰው ስለሌለ ምሳዋን የምትበላው ከእነሱ ጋር ነው፣ ድስቱን መሃል አድርገው። የባሏ ጓደኛ የነበረው በያጁማ ሳህን እስኪመጣለት መች ይጠብቃል! ራሱ ጓዳ ገብቶ ይቀምሳል፣ እንከን ያወጣል፣ እሷም ሰድባ ታስወጣዋለች። ሻይ ቤት እንዲህ ነው፤ ባለቤቱና እንግዳው አይለይም።

የዚያን ቀን ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ዝር ያለ የለም። መቆሚያ መቀመጫ አጣች። ወጥታ ታያለች፣ ገብታ ወጡን ታማስላለች፣ ደግሞ ትወጣለች። ዋጋ ጨመረች ብለው ይሆን? ወይስ ያቺ ጥግ ላይ ያለችው ቁርስ ቤት ወሰደችብኝ? አንድ ክራባት ያሰረ ሰውዬ ገባና ዙሪያውን ቃኘ።

"አስተናጋጅ የለም?"

"እኔው ነኝ።"

ሰውዬው ሰዓቱን አይቶ ወጣ። እሷም ደስ አላት፣ ምን ይደረግ፣ የምትጠብቀው እሱን አይደለማ።

ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። አሁንስ ሽርጧን እንዳገለደመች መንገዱን ተሻግራ ጋራዡ ገባች። ከአንድ አሮጌ ጭነት መኪና ጀርባ ሰብሰብ ብለው ደረቅ ዳቦ በውሃ ያወራርዳሉ። በያጁ ሲያያት ዳቦውን እንደ ሌባ ከኋላው ደበቀ።

"ምን በደልኳችሁ?" አለች።

በያጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ኧረ ምንም። ልብሳችንን አታይውም እንዴ? ግራሶ በግራሶ ነን። እኛ ነጭ ወንበርሽ ላይ ተኮልኩለን ማን ደህና ሰው ይገባልሻል? ተመካክረን ነው። በስንት ጊዜዋ ሊያልፍላት ሲል እንቅፋት አንሁንባት አልን።"

ልታወርድበት ያሰበችው ስድብ ሁሉ አፏ ላይ ቀረ። የወደቀ ጎማ ላይ ቁጭ አለች።

"ከትናንት ጀምሮ ምሳ አልበላሁም።"

"ቤትሽ ሙሉ ምግብ እያለ?"

"ድስቱማ ሙሉ ነው" አለች። "ከማን ጋር ልብላ?"

በያጁ ዳቦውን ከኋላው አውጥቶ ቆረሰና እጇ ላይ አስቀመጠላት፤ እንባዋ እየወረደ በላችው። እሱም ግራሶ የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተነሳ።

"በሉ እንሂድ" አላቸው ጓደኞቹን። "ወንበሩ ከቆሸሸ ያው ወንድሟ ይቀባዋል።"