ከአሜን በኋላ

ሁለት ወንዶች ነበሩ፤ ከጓሮው አጥር ወዲያ። አቻምየለሽ ያኔ ሰባት ዓመቷ ይሆናል፣ ወይ ስምንት። ፈንጣጣ ዓይኗን ከወሰደው ብዙም አልቆየም።

«ወረቀቱ ላይ ያለውን ብታውቅስ?»

«በምኗ ልታየው! ጣቷን ብቻ ታምጣ።»

ስለ ዓይነ ስውሯ አክስቷ ያወሩ እንደሁ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሁ ዛሬም አታውቅም። አንደኛው ሲስቅ ሳል አቋረጠው። የቀረውን ረስታዋለች። ያ ሳቅ ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ ኖረ።

ባሏ አቶ ደረሰ በሞተ በዓመቱ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር ሲታደል፣ ወንድሙ ሀይሉ «የወንዙ ዳር ማሳ የኔ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት ድረስም እሄዳለሁ» ብሎ ተነሣ። ያ ማሳ ከሄደ የሚቀራት ድንጋያማው ተረተር ብቻ ነው። ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። ውሳኔውን የቀበሌው ጸሐፊ ይጽፈዋል፤ እሷም በጣቷ ትፈርማለች ተባለ። በጣቷ! ይህን በሰማች ማግስት ቡሬ ወረደች።

«እትዬ አቻም፣ ይኼኛው ያምራል» አለች ባለሱቋ ናጂሃ፣ እንደ ሳሙና የሚያዳልጥ ስስ የድምፅ መቅጃ እያስያዘቻት።

«ለማን ነው የሚያምረው፣ ልጄ?»

ናጂሃ ሳቋን ለቀቀችው። «ይቅር ይበሉኝ እቴ፣ አፌ ነው!»

አቻምየለሽ ዳበሰችው። ፊቱ ሁሉ መስታወት ነው፤ ቁልፎቹም አይለዩም። መለሰችው። ሁለተኛው ወፈር ያለ ነበር፤ መቅጃ ቁልፉ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ነጥብ ጎላ ብላለች። ሲጀምር አንዴ ጢጥ ይላል፣ ሲያቆም ሁለቴ። ቀድታ፣ አዳምጣ፣ ደግማ ቀድታ ወሰደችው። ቤቷ ስትገባ መጀመሪያ የቀዳችበት ውዳሴ ማርያም ነበር።

በሽምግልናው ዕለት ለማንም ሳትነግር ቁልፉን ተጫነች፤ ጢጥ ሲል ሰምታ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ለጸሎት ሲቆሙ እሷም ቆመች፤ «አሜን» ሲባልም የላላ መቀነቷን ጠበቅ አደረገች። ከተቀመጡ በኋላ ዋናው ሽማግሌ መሪጌታ ገብረ ሕይወት ወሰኑን ተናገሩ። የወንዙ ማሳ፣ ከዋንዛው እስከ መሻገሪያው፣ የአቻምየለሽ። ሀይሉም «እሺ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ቀበሌ ከመሄዷ በፊት፣ ከፈተችው።

«አባታችን ሆይ…» የሰዉ ሁሉ ድምፅ። «…አሜን።»

ከዚያ ዝም።

መልሳ ከፈተች። አሜን። ዝም። መቀነቷን ስታጠብቅ ማቆሚያውን ተጭናዋለች፤ ሁለቱን ጢጥታ ደግሞ የሰዉ አሜን ውጦታል።  እንዲሁ መልሳ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

ቀበሌ ስትደርስ ሀይሉና መሪጌታ ቀድመዋታል። ጸሐፊው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አንሸራተተው። «ተስማምታችኋል ነው የሚለው። በይ ጣትሽን።»

«ወሰኑን አንብብልኝ።»

«ትናንት ሰምተሽ የለም እንዴ?» አለ ሀይሉ፤ ሳቀም። ሳቁን ሳል አቋረጠው።

ያ ከአጥሩ ወዲያ የሳቀው ሰው እሱ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ያኔ ሀይሉም ሕፃን ነበር። ሰውነቷ ግን ይህን አልሰማ አላት። መቅጃውን ከመቀነቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ምንድን ነው እሱ?» የሀይሉ ድምፅ ቀጠነ። «የትናንቱን… ይዞታል?»

 ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ ራሱ ሲስብ ሰማች። አንዲት «አዎ» ብትል ይበቃ ነበር። 

«አልያዘልኝም» አለች። «ጸሎቱን ብቻ ነው። ሳልነግራችሁ መቅዳቴም ጥፋት ነው፤ ይቅር በሉኝ። ግን ሳልሰማ ጣቴን አልሰጥም። ፈራሁ፣ መሪጌታ።»

«ባዶ ቆርቆሮ ይዛ ልታስደነግጠን!» አለ ሀይሉ።

የመሪጌታ በትር ወለሉን ቧጨረ።  ተቆጥተው እንደሁ በምን ታውቃለች?

«ጸሎቱን ከያዘማ ባዶ አይደለም» አሉ። «ወረቀቱን ወዲህ በል።»

«ጊዜ የለንም እኮ፣ መሪጌታ…» አለ ጸሐፊው።

«እኔ አለኝ። ከወሰን እስከ ወሰን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ። ትናንት ካልሁት አንዲት ዛፍ ብትጎድል እዚሁ ትታረማለች።» ወደ እሷ ዞሩ። «እሺ፣ ልጄ፤ ይቅዳኝ። ክፈቺው።»

አቻምየለሽ በጣቷ የምስሯን ፍሬ ፈለገች።

ጢጥ።