ሃምሳ ወይስ መቶ ያርድ

ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ኦሃዮ ውስጥ ባለ የተኩስ መለማመጃ ሜዳ፣ ገብረየስ በስልሳ ስድስት ዓመቱ የአዲሱን ካርባይን ሰደፍ ትከሻው ላይ አስደግፎ ሦስተኛውን ጥይት ተኮሰ። ጠመንጃው ቃታው በተሳበ ቁጥር ቀለሃውን ራሱ ተፍቶ ራሱ ስለሚያጎርስ፣ የተኳሹ ድርሻ ማነጣጠርና መታገሥ ብቻ ነበር። ማነጣጠሩ አልከበደውም። የከበደው መታገሡ ነው፤ ከጀርባው ልጁ ዮኤል ከሚስቱ አባት ከአንድርያስ ጋር ይሳሳቅ ነበርና። የጆሮ መሸፈኛው ድምፁን ቢያፍነውም፣ ሳቅ መሆኑን ለይቶታል።

«ሃምሳ ያርዱ ላይ ሦስቱም ገብተዋል» አለ ዮኤል በአቅራቢ መነጽር እያየ። «ናይስ ነው፣ ዳድ። አሁን አባባ እንዳለው መቶ ላይ ዜሮ እናድርገው?»

ዮኤል የወለደውን አባቱን ከልጅነቱ ጀምሮ «ዳድ» ይላል። «አባባ» የሚለው ሲናን ካገባ ወዲህ የእሷን አባት አንድርያስን ነው። ሚስቱ አባቷን የምትጠራበትን ስም አብሮ ወሰደው፤ ክፋት የለበትም። ክፋት እንደሌለበት ገብረየስ ለራሱ ብዙ ጊዜ ነግሯል። ነገር ግን ቃሉን በሰማ ቁጥር፣ እንግዳ ሰው ቤቱ ገብቶ ወንበሩ ላይ የተቀመጠበት ይመስለዋል።

ካርባይኑንም የገዛው ከዚሁ የተነሣ ነው። አምና ዮኤልና አንድርያስ አብረው አድነው ሲመለሱ፣ ልጁ የገና ዕለት ያወራው ሁሉ «እኔና አባባ» ነበር። ገብረየስ ኢስተን ከሚባል ሰፈር ካለ አንድ ሆቴል ወደ አየር ማረፊያ እንግዳ እያመላለሰ ነገሩን ሲያብሰለስል ከረመና፣ በመስከረም ጠመንጃውን ገዝቶ፣ የአደን ፈቃዱን አውጥቶ፣ «ዘንድሮ እኔም አለሁበት» አለ።

የሚያድኑበት እርሻ የአንድ የአንድርያስ ወዳጅ ንብረት ነው። በእርሻው ላይ ሁለት መቀመጫ አለ። አንደኛው በቆሎው በታጨደበት ሜዳ ዳር ያለ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ ማማ ሲሆን፣ ከዚያ የሚተኮሰው እስከ መቶ ያርድና ከዚያም በላይ ነው። ሁለተኛው ከወንዙ ዳር፣ ጫካው ውስጥ ያለ የአንድ ሰው ወንበር ነው፤ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ከሃምሳ ያርድ በላይ አያሳይም። ኦሃዮ ለአጋዘን የምትፈቅደው የጠመንጃ ጥይት ደግሞ ወፍራምና ከባድ ስለሆነ፣ ርቀት ሲበዛበት ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ የማነጣጠሪያው መነጽር በየትኛው ርቀት እንደሚስተካከል፣ ማለትም «ዜሮ» እንደሚደረግ መምረጥ፣ የት እንደሚቀመጡም መምረጥ ነበር። መቶ ያለ ከዮኤል ጋር ማማው ላይ ይወጣል፤ ሃምሳ ያለ ብቻውን ወንዙ ዳር ይውላል።

«ጋሽ ገብረየስ፣ እርስዎ ሃምሳውን ቢይዙ አይሻልም?» አለ አንድርያስ። «ጉልበትዎን ያምዎታል። ማማው መሰላል አለው።»

«መሰላሉ ለእርስዎ ሲሆን ይለሰልሳል?»

«እኔማ እየተጎተትኩ ነው የምወጣው። ዮኤል ከታች ይገፋኛል።»

«እኔንም ይገፋኛል። የወለድኩት እኔ ነኝ።»

«ዳድ፣ ፕሊስ» አለ ዮኤል መሬት መሬቱን እያየ።

አንድርያስ ግን ሳቀ። «እንግዲያው ዒላማው ይፍረደን። መቶው ላይ ሦስቱን የስኒ ማስቀመጫ ሳህን ከሚያክል ቦታ ካስገቡ ማማው የእርስዎ ነው። እኔ ወንዙ ዳር ከሽኮኮዎቹ ጋር አወጋለሁ።»

የመጀመሪያው ጥይት ዝቅ ብሎ መታ። ገብረየስ የመነጽሩን ብሎን በሳንቲም አዞረ፤ ተኮሰ፤ ደግሞ አዞረ። ቅናት የሌላውን ሰው እጅ ያንቀጠቅጥ ይሆናል፤ የእሱን አጸናው። ከዚያ የተኮሳቸው ሦስቱም ተቀራርበው ገቡ።

አንድርያስ ኮፍያውን አነሣ። «ማማው የእርስዎ ነው። ቃሌ ቃል ነው።»

ተኩስ ቆሞ ወደ ዒላማው መሄድ ሲፈቀድ፣ ዮኤል «እኔ ላምጣልህ» ቢለውም ገብረየስ እምቢ ብሎ ራሱ ሄደ። መሬቱ በውርጭ ደርቋል። መንገዱን ሳያጋምስ ጉልበቱ ያዘውና ቆመ። እዚያ ቆሞ ሚስቱን አፀደን አሰበ።

አምና አንድርያስ የመታው አጋዘን፣ ሜዳውን አቋርጠው እስኪደርሱ ሞቶ ነበር። ቢላዋ የነካው፣ በስመ አብ የተባለበትም ከሞተ በኋላ ነው። ዮኤል ድርሻቸውን ሲያመጣ አፀደ መርቃ ተቀበለችና ፍሪዘር ውስጥ ከተተችው። ለገና ጾሙ ሲፈታ ግን አልነካችውም። «ሳይባረክ የሞተ አልበላም። ለልጁ እንዳትነግረው፣ ቅር ይለዋል» አለችው ባሏን። ገብረየስ አልነገረውም። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ፍሪዘሩን በከፈተ ቁጥር ያንን እሽግ ያይና ውስጥ ውስጡን ደስ ይለው ነበር።

ዒላማው ዘንድ ደርሶ ወደ ኋላ ዞረ። ሁለቱ ሰዎች ከሩቅ አንሰው ታዩት። በዚህ ርቀት የወደቀ እንስሳ፣ እሱ በዚህ ጉልበቱ እስኪደርስ በሕይወት አይጠብቀውም። የእሱም እሽግ ከአንድርያስ እሽግ ጎን ይቀመጣል፤ አፀደም ሁለቱንም አትነካቸውም።

ተመልሶ ሳንቲሙን አወጣና ብሎኑን ወደ ነበረበት ማዞር ጀመረ።

«ምን እያረግክ ነው?» አለ ዮኤል። «ገብተውልሃል እኮ።»

«ወደ ሃምሳ እየመለስኩት ነው። እናትህ የአምናውን ሥጋ አልቀመሰችውም። ሳይደረስበት የሞተ ነው ብላ። እኔ ከሃምሳ ብመታው እደርስበታለሁ።»

የአንድርያስ ፊት ጠቆረ። «እትዬ አፀደ አልበሉም?» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ደግሞ ወደውታል ብዬ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳወራ ከረምኩ።»

ገብረየስ ይህን ፊት ለማየት ዓመት ሙሉ ጓጉቶ ነበር። ሲያየው ግን እንዳሰበው አልጣፈጠውም።

«እንደዚያ ከሆነ እኔ ካንተ ጋር ልሁን» አለ ዮኤል። «ወንዙ ዳር መሬት ላይ እቀመጣለሁ። ኖ ፕሮብሌም።»

ገብረየስ ከአምናው ገና ጀምሮ ሊሰማው የፈለገው ይህንኑ ነበር። አንድርያስ አጎንብሶ፣ የሰማ ላለመምሰል፣ ቀለሃ ይለቅም ነበር። ገብረየስ ጥቂት አየውና፣ በየበዓሉ በግ የሚያርድበትን ቢላዋ ከነአፎቱ ከቦርሳው አውጥቶ ለልጁ ሰጠው።

«ከእሳቸው ጋር ማማው ላይ ሁን። መትተው ሲጥሉ ወርደህ ሩጥ። ነፍሱ ሳትወጣ ድረስበት። በስመ አብ ማለት ታውቃለህ።»

«አንተስ በምን ታርዳለህ?»

«ለእኔ የእናትህ የሽንኩርት ቢላዋ ይበቃኛል።»

ሦስት ጥይት አጉርሶ ሃምሳው ላይ ወዳለው ዒላማ አነጣጠረ። ከጀርባው ሁለቱ እንደገና ማውራት ጀመሩ። ዮኤል «አባባ» ሲል ሰማው። ትንፋሹን ያዘና ቃታውን ሳበ።

ይህን ከገብረየስም ከአንድርያስም በየጊዜው ከሰማሁት ያቆየሁት ነው። የእኔም ዕድሜ ገፍቷልና፣ ቀኑን ወይም የተባለውን አዛብቼ እንደሆነ፣ ያን ቅዳሜ እዚያ የነበረ ሰው ያቃናልኝ።