የሸርባዝ ዘውድ

ዘርዋሊ እንደዚያ አርብ ተናዶ አያውቅም።

አንጥረኞች የውጭ ሽጉጥ አስመስለው ከሚሠሩበት ከደራ ባዛር ጀርባ ባለው ደረቅ ወንዝ፣ የአሮጌ ሽጉጥ ወዳጆች ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተሰብስበው ድንጋይ ላይ እንቁላል እያቆሙ ይተኩሳሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ በእንግሊዝ ጦር ያገለገለ ስድስት ጎራሽ እንጂ ባዛሩ የቀጠቀጠው ቅጂ ከተኳሾቹ ምንጣፍ አይደርስም። ዳኛው ሀጂ ቲላ ናቸው።

ዘርዋሊ አያቱ በእንግሊዝ ዘመን ሚሊሻ ሳለ የታጠቀውን ሽጉጥ ከጥገና ተቀብሎ፣ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ነበር ያመጣው። ጨርቁን ሲፈታ ሀጂ ሳቁ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ገና አልበረደም!»

«ከምድጃው ትኩስ ትኩሱን ነው ያመጣልን!» አለ አንዱ፤ ሰዉ አውካካ።

ዘርዋሊ ከቃታው በላይ ያለውን ማኅተም አየና ክው አለ። የአያቱ አውራ ጣት ሲያሸው ኖሮ የደበዘዘው የእንግሊዝ ዘውድ፣ እንደ ሙሽራ ጥርስ ያብረቀርቃል።

«ሀጂ፣ በአላህ! አያቴን ያውቁት የለ?»

«አያትህንማ አውቃለሁ። የማላውቀው ሽጉጡን ነው። አንሳልኝ።»

ዘርዋሊ እየተንደረደረ ከጠጋኙ ከሸርባዝ ሱቅ ገባና ሽጉጡን ፊቱ ጣለው።

«ሞላው ተሰብሯልና ቀይርልኝ ነው ያልኩህ! ዘውዱን ማን ንካ አለህ?»

ሸርባዝ ሞረዱን እንደያዘ ቀና አለ። «ሰው አምኖ የሰጠህን ዕቃ እንዳመጣው ትመልሳለህ እንዴ? እንግዳን ጦሙን መሸኘት ነው! ማኅተሙ ተበልቶ ነበር፣ ጠርጌ አዲስ ቀረጽኩልህ። ደግሞ በነጻ!»

«የጠረግከው የአያቴን ጣት ነው፣ አንተ ልብ የሌለህ!»

ሸርባዝ ይህን ሲሰማ ሞረዱን አስቀመጠ። ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ግድ የለም ወንድሜ። በኮምጣጤና በጨው አሳድሬ በአሸዋ እፈትገዋለሁ። ለመጪው አርብ ከአዳም ጋር የተወለደ ይመስላል። ሀጂም ይስሙታል።»

«ሀጂ አይሞኙም።»

«የራሳቸውን ማን ያስረጀው መሰለህ?»

ዘርዋሊ ነገሩ ገባው፤ የሀጂ ሽጉጥ የባዛሩ ቅጂ ነው። እንግዲህ እውነተኛው፣ እውነተኛ ለመምሰል እንደ ሐሰተኛው ኮምጣጤ ይጠጣ! ሐሰተኛው ደግሞ ምንጣፍ ላይ ተንደላቅቆ ይፍረድ! ሽጉጡን ነጥቆ ወጣ። ሸርባዝ «እባክህ ስሜን እንዳታነሳ! ልጆች አሉኝ!» እያለ ከኋላው ሮጠ።

ወንዙ ዳር ሲደርስ የሀጂ ተራ ነበር። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው እንቁላሉን እያለሙ ነው። ዘርዋሊ ከምንጣፉ ውጭ፣ ጠጠሩ ላይ ቆሞ ቃታውን ሳበ። የሀጂ እንቁላል ድንጋዩ ላይ ፈሰሰ።

«ይሄ ምን ዓይነት ብልግና ነው!» ሀጂ ጮኹ።

«ብልግናውን እንኳ ተዉት፤ አያቴን ውሸት አላለብሰውም፣ ከዚሁ ከጠጠሩ ላይ እተኩሳለሁ። የእርስዎን ግን፣ ሀጂ፣ እስቲ ያሽትቱት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ አይልም?»

ሸርባዝ ከኋላ ደርሶ ራሱን ያዘ። ሀጂ ሊምሉ ክንዳቸውን ወደ ሰማይ ማንሳት ጀምረው ተዉት። ከምንጣፉ ዳር አንዱ ፊቱን ዞር አድርጎ፣ ሰው እንዳያየው፣ የራሱን ሽጉጥ ወደ አፍንጫው አስጠጋ።