አልወርድም ያለችው ብርነሽ

ብርነሽ መኪና የገዛችው ለጌጥ ሳይሆን ለጉልበቷ አዝና ነው። ሆላንድ፣ የሮተርዳም ዳርቻ በሆነችው ሆግቭሊት ውስጥ አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው እየዞረች ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ መድኃኒታቸውን ታስውጣለች። ይህን ሥራ ለዓመታት በብስክሌት ስትሠራ ከፔርኒስ የነዳጅ ማጣሪያዎች በኩል የሚመጣው ንፋስ ከፊት እየገፋት፣ ዝናቡ ከጎን እየገረፋት ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1994 ኔሎ የምትባለውን ቢጫ ትንሽ መኪና ከነላስቲኳ ከሽያጭ ቤቱ ስታወጣ፣ ባሏ አበጋዝ ዙሪያዋን ሁለቴ ዞሮ አያትና «እንቁላል ትመስላለች» አለ። እሱ መንዳት አይችልም። ዘ ሄግ ውስጥ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠራል፤ የሚመላለሰውም በባቡር ነው።

እሑድ እሑድ ብርነሽ ፎቅ ላይ ያሉትን ጎረቤቷን፣ እማማ የትነበርሽን፣ አሳፍራ ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። እማማ የትነበርሽ ልጃቸው ያስመጣቸው ባልቴት ናቸው። ልጁ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ስለሚገባ የእሳቸው መንገድ የብርነሽ ሆኖ ቀረ።

በኅዳር ወር አንድ እሑድ ሁለቱ ሴቶች ከወንዙ ሥር የሚያልፈውን የቤኔሉክስን ዋሻ ጨርሰው ወደ ብርሃኑ ሽቅብ እየወጡ ሳሉ፣ ፊት ለፊታቸው የነበረው የጭነት መኪና በድንገት ፍጥነቱን ቀነሰ። ብርነሽ ፍሬኑን ረገጠች። በዚያች ቅጽበት ሥሯ የሆነ ነገር ቀጭ አለና መቀመጫዋ እሷን ይዞ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። እግሯ ከፍሬኑ ላይ ተነቀለ። መሪው ከእጇ ራቀ። በእግሯ ጣት ፍሬኑን ለመንካት ተንጠራራች፤ አልደረሰችም።

«በስመ አብ!» አሉ እማማ የትነበርሽ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው።

መኪናዋ ከጭነት መኪናው ጀርባ ጋር ተላተመች። ፍጥነቱ ብዙ ስላልነበረ ማንም አልሞተም። የኔሎ ፊት ተጨማደደ፣ የብርነሽ ከንፈር ተተረተረ፣ የእማማ የትነበርሽ ቀኝ እጅ አንጓው ላይ ተሰበረ።

በሳምንቱ ብርነሽ የተጎተተችው መኪና ወደቆመችበት ሽያጭ ቤት ሄደች። ኃላፊው ሽቱ የተቀባ፣ ትሁት ሰው ነው። ቡና ከማሽኑ ቀድቶ ሰጣትና፣ እንደ አገሩ ወግ «ሜቭራው»፣ እመቤት፣ እያለ በእርጋታ አስረዳት።

«ሜቭራው፣ እርስዎ ቁመትዎ አጠር ያለ ነው። መቀመጫውን በጣም ወደ ፊት ያስጠጉታል። ሲያስጠጉ ደግሞ በደንብ አልቆለፉትም። ይህ ሊያጋጥም ይችላል፤ በተለይ ለአዲስ ነጂ።»

«ቆልፌዋለሁ» አለች ብርነሽ።

«እንደዚያ ይመስልዎታል።»

«አይመስለኝም። መቀመጫው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። እርስዎ አልነበሩም።»

ሰውየው አልተቆጣም። ድርጅቱ በበጎ ፈቃድ መኪናዋን በነጻ እንደሚጠግን፣ ለእማማም የአበባ እቅፍ እንደሚልክ ነገራትና አንድ ወረቀት ወደ እሷ ገፋ። ብርነሽ ሆላንድኛ ስታነብ ቀስ ትላለች እንጂ አይጠፋትም። አደጋው የደረሰው ነጂዋ መቀመጫውን በአግባቡ ባለመቆለፏ ነው፤ ወደፊትም በዚህ ጉዳይ አቤቱታ አታቀርብም፤ ይላል። ወረቀቱን መልሳ ገፋችው። ቡናውን ግን ጨርሳ ጠጣች፤ ጥላው ብትሄድ የሸሸች ይመስላል ብላ።

ማታ አበጋዝ ነገሩን ሲሰማ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ፈርሚና ይለፍ እንጂ። የሰው አገር ነው። ዜግነት ጠይቀን መልስ እየጠበቅን ባለንበት ሰዓት ስማችን በክስ እንዲነሳ ትፈልጊያለሽ?»

«ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ብዬ?»

«ወረቀት ነው።»

አበጋዝ በደርግ ጊዜ ታስሮ፣ ያላደረገውን አድርጌያለሁ ብሎ ፈርሞ ነው ከእስር የወጣው። ስለዚያ ነገር ቤታቸው ውስጥ አይወራም። ያን ዕለት ግን አወራችው።

«አንተ ስትፈርም ጀርባህ ላይ ጠመንጃ ነበር። አልፈርድብህም፤ ፈርጄብህም አላውቅም። እኔ ጀርባ ላይ የነበረው ግን የቡና ማሽን ነው። ለቡና ማሽን አልፈርምም።»

አበጋዝ ተነስቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ለብዙ ቀናት በመካከላቸው «ጨው አቀብዪኝ» ከማለት ያለፈ ቃል አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያንም ወሬው ቀድሟት ደርሷል። «አሮጊቷን ሰበረቻቸው» እየተባለ ነው። አንዷ ሴት እንዲያውም ፊቷ ላይ «እህቴ፣ መንዳት ለሁሉም አይሰጥም» አለቻት። እማማ የትነበርሽ በጄሶ የታሰረ እጃቸውን በነጠላቸው አንግበው «መቀመጫው ነው የሄደው! ዓይኔ እያየ ነው የሄደው!» ቢሉም፣ ሰው የሚሰማቸው በትዕግሥት ነው እንጂ በማመን አልነበረም።

ታዲያ ብርነሽ ምን አደረገች? ሱፐርማርኬቱ መግቢያ ላይ ሰዎች አሮጌ ሶፋና የድመት ግልገል የሚያስተዋውቁበት ሰሌዳ አለ። እዚያ ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፋ አንድ ካርድ ለጠፈች፦ «ኔሎ አለዎት? መቀመጫዎ በራሱ ወደ ኋላ ሄዶ ያውቃል? ይደውሉልኝ።» በባቡር እየሄደች በምትደርስበት ሰፈር ሁሉ፣ ስኪዳም ቢሆን ዴልፍት፣ ሰሌዳ ባየች ቁጥር እንዲሁ ለጠፈች።

ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልደወለም። ከዚያ ከዴልፍት ዊልማ የምትባል አዋላጅ ደወለች። ወደ ምጥ ስትጣደፍ መቀመጫዋ ተንሸራትቶ ቦይ አፋፍ ላይ ነው የቆመችው። «ባሌ አልቆለፍሽውም ብሎ ጮኸብኝ» አለች። «እኔም አመንኩት፤ እስከ ዛሬ ድረስ ራሴን ስወቅስ ነበር።» ቀጥሎ አንዲት የሮተርዳም አስተማሪ ደወለች። ከዚያም ከዘ ሄግ ባስ የሚባል ሰው። እሱ ሲመጣ ብርነሽ በሩን ከፍታ ቀና ብላ ብታየው ራሱ የበሩን መቃን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሳቋ መጣ።

«አንተንስ ምን አሉህ? አጭር ነህ አሉህ?»

«በጣም ረጅም ነህ፣ መቀመጫውን በክብደትህ ሰበርከው አሉኝ» አለ ባስ፣ ሳይስቅ።

ብርነሽ ኔሎን ወደ አገሩ ወደሚያስመጣው ድርጅት ደወለች። ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች። ደግማ ደወለች፤ ጉዞ ላይ ናቸው። ደግማ ስትደውል ጸሐፊዋ «ሜቭራው፣ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚነጋገሩበት ቦታ እዚህ አይደለም» ብላ ዘጋችባት። ቦታው የት እንደሆነ ግን አልነገረቻትም።

ቦታውን ራሷ አገኘችው። በየካቲት አምስተርዳም ውስጥ ትልቁ የመኪና ኤግዚቢሽን ሲከፈት ዳይሬክተሩ አዲሱን ኔሎ ለሕዝብ እንደሚያስተዋውቅ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ብርነሽ ለዊልማና ለባስ ነገረቻቸው። እማማ የትነበርሽን ግን ቤት ይቆዩ ብላ ለመነቻቸው።

«ግፊያ ነው፣ እማማ። እጅዎ ገና አልዳነም።»

«የተሰበረው የማን እጅ ነው?» አሉና ካፖርታቸውን መልበስ ጀመሩ። ጄሶው በእጅጌው አልገባ ስላለ አንዱን እጅጌ ባዶውን አንጠልጥለው ወጡ።

አበጋዝ «ሥራ አለኝ» ብሎ በማለዳ ወጥቶ ነበር።

አዳራሹ በመብራት ያበራል። ኔሎ የቆመችበት መድረክ ክብ ነው፤ መኪናዋን ይዞ ቀስ ብሎ ይዞራል። ቀይ፣ አዲስ፣ እንደ ከረሜላ የምታብረቀርቅ መኪና ናት። ልጃገረዶች ፊኛ ያድላሉ። ሰው ተራ እየያዘ ይገባና መሪ ጨብጦ ይወጣል። ብርነሽም ተራ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ እማማ የትነበርሽን በአንዱ በር አስገብታ፣ በሌላው በር ራሷ ገባች። በሩን ዘጋች። ከዚያ ከውስጥ ቆለፈችው።

አንድ ዙር ዞሩ። ሁለተኛውን ሲጀምሩ ከረባት ያሰረ ወጣት ከመኪናዋ ጋር እየተራመደ መስኮቱን አንኳኳ። ብርነሽ መስኮቱን ጥቂት ዝቅ አደረገች።

«ሜቭራው፣ ሌሎች እየጠበቁ ነው።»

«ዳይሬክተሩን ጥራልኝ።»

«እባክዎ ይውረዱ።»

«አልወርድም።»

«ምን አለሽ?» አሉ እማማ የትነበርሽ።

«ውረጂ አለኝ።»

«አንወርድም በይው!» አሉና ጄሶውን አንስተው መስኮቱ ላይ አስደገፉት። መድረኩ በዞረ ቁጥር ነጩ ጄሶ በአዳራሹ ሰው ፊት ሁሉ አለፈ። አንድ ሕፃን ሰላምታ መስሎት እጁን አወዛወዘላቸው፤ እሳቸውም መለሱለት። ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ባስ ከዚያ ቁመቱ ላይ ሆኖ በጎላ ድምፅ መቀመጫው ምን እንዳደረገው ይናገራል፤ ዊልማ ከሥሩ ሆና ቦይ አፋፍ ላይ ስለመቆሟ ትናገራለች። ማይክሮፎን የያዘች የሬዲዮ ጋዜጠኛ ሰው እየገፋች ወደ ፊት መጣች።

አንድ ሰው መድረኩን አስቆመ። ሁለት ጠባቂዎች መለዋወጫ ቁልፍ ይዘው ወደ ብርነሽ በር አመሩ። የብርነሽ ልብ ያኔ ብቻ ደነገጠ። ቁልፉ ሲጠጋ አየች። ሆላንድኛዋ ሁሉ ከአፏ ጠፋ።

በዚህ መሃል ከሕዝቡ ውስጥ ኮፍያውን ዝቅ ያደረገ ሰው ወጥቶ መድረኩ ላይ ወጣ። ጀርባውን ከበሩ ጋር አጣብቆ የቁልፉን ቀዳዳ በወገቡ ሸፈነው። ብርነሽ በመስታወቱ በኩል የምታየው ጀርባውን ብቻ ነበር፤ የሆቴሉን የሥራ ሸሚዝ ለብሷል። አበጋዝ ነው።

«ገለል ይበሉ፣ ሚንኸር» አለ አንደኛው ጠባቂ።

«ኔይ» አለ አበጋዝ። ብርነሽ አበጋዝ ለሆላንዶች «ያ»፣ እሺ፣ ሲል እንጂ «ኔይ»፣ አይሆንም፣ ሲል ሰምታው አታውቅም። ከበሩም አልተነሳም።

ጠባቂዎቹ ተያዩ። ያ ሁሉ ሰውና ያ ማይክሮፎን እያየ እጃቸውን ሊያነሱ አልደፈሩም። በመጨረሻ ዳይሬክተሩ ራሱ ፈገግ ብሎ መጣ።

«ሜቭራው፣ ጉዳዩን በደንብ ተመልክተነዋል። መቀመጫው ምንም ችግር የለበትም። አንዳንድ ነጂዎች በአግባቡ አይቆልፉትም፤ ያ ብቻ ነው።»

ብርነሽ በሩን ከፈተች፤ አበጋዝ ገለል አለላት። ቃሏ ተመልሶላት ነበር። መቀመጫውን በእጇ መታ መታ አደረገችው።

«እንግዲያው እርስዎ ይቀመጡ። በራስዎ እጅ ይቆልፉት። ከዚያ ባለ በሌለ ኃይልዎ ፍሬኑን ይርገጡ። ሁላችንም እንይ።»

ዳይሬክተሩ መቀመጫውን አየ። ማይክሮፎኑን አየ። ከሩቅ የሌላ ድርጅት ሙዚቃ ይሰማል።

«አሁን ጊዜ የለኝም» አለ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ብዙዎች ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። ወላጆች የልጆቻቸውን እጅ እየያዙ ከመድረኩ ሸሹ። ተራ የያዙት ሰዎች ተራውን ትተው ሄዱ።

ፖሊስ መጥቶ ስማቸውን መዘገበ። አበጋዝ ስሙን ፊደል በፊደል ሲያስጽፍ ብርነሽ እጁን ያዘችው። ከምዝገባው በኋላ ግን ማንም አልጠራቸውም፤ የዜግነቱም መልስ በጊዜው መጣ። ወደ ሮተርዳም በሚመለሰው ባቡር ውስጥ ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ሥራ ያልከውስ?» አለችው።

«ወጥቼ ነው የመጣሁት። አለቃዬ ወዴት ሲለኝ ሚስቴ መኪና ውስጥ ናት አልኩት።»

እማማ የትነበርሽ ፊት ለፊታቸው አፋቸውን ከፍተው አንቀላፍተው ነበር።

የዳይሬክተሩ «ጊዜ የለኝም» በሬዲዮ ተሰማ። የብርነሽ ስልክ መደወሉን አላቆመም። በፋሲካ ሰሞን ድርጅቱ የዚያን ዓመት ኔሎዎች በሙሉ ለጥገና መልሳችሁ አምጡ ብሎ አወጀ። «ለጥንቃቄ ሲባል» ይላል። ስለ ጥፋት አንድም ቃል የለውም። የመቀመጫውን መቆለፊያ በሌላ፣ ወፈር ባለ ብረት ቀየሩት፤ የብርነሽንም መኪና ፊት ምንም ሳያስፈርሟት ጠገኑት።

ከዚያ በኋላ ዳይሬክተሩ ራሱ ለብርነሽ ደወለላት። ድርጅቱ አዲስ ኔሎ ሊሰጣት ይፈልጋል፤ ከእሱ ጋር ሆና አንድ ፎቶ ብቻ ትነሣለች። ብርነሽ ስልኩን በእጇ ሸፍና ለአበጋዝ ነገረችው።

«ከፎቶው ሥር ምን ብለው ነው የሚጽፉት?» አለ አበጋዝ።

ዳይሬክተሩን ጠየቀችው። «ደስተኛ ደንበኛ» አላት።

«አዲስ መኪና አልፈልግም» አለች ብርነሽ። «የተጠገነችው ትበቃኛለች። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ጥፋቱ የመኪናው ነው፣ የሴትዮዋ አይደለም። ይኼን ይበሉልኝ።»

«ያንን ማለት አልችልም፣ ሜቭራው። ጠበቆቻችን አይፈቅዱም።»

«ግድ የለም። እኔ ጠበቃ የለኝም፤ እኔ እላለሁ።»

አለችም። ከዚያ ወዲህ ኔሎ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ፣ ቄስም ይሁን ጎረቤት፣ «መንዳት ለሁሉም አይሰጥም» ያለቻትም ሴት ጭምር፣ ቀበቶውን ሳያስር በፊት ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ይሰማል። ብርነሽ ቁልፉን ይዛ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ፣ እስከ ዳይሬክተሩ ድረስ ትተርካለች። እማማ የትነበርሽ ከፊት ወንበር ሆነው የሳተችውን ያርማሉ፤ ጄሶ ካነሱ ቆይተዋል።

«ቅዳሴ እኮ ሊገባ ነው፣ ልጄ» ይሏታል ሲበዛባቸው።

«ይግባ፣ እማማ» ትላለች ብርነሽ። «ገና ጠባቂዎቹ ጋ ነኝ።»