የጀምበሬ ግራ ስፒከር

"ተቃጥላለች!" አለ ጀምበሬ፤ የግራውን ስፒከር በካቻቢቴ ፈትቶ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣውን ትንሿን ክፍል እያገላበጠ። "ሸዋዬ፣ ነይ እይልኝ! አቃጠሏት!"

ሚስቱ ሸዋአለም ከጓሮ ሳትወጣ "ማሌሽ በል እንግዲህ" አለችው።

ማሌሽ! ስፒከሮቹን ወስዶ የነበረው ነጂብም ያለው ይህንኑ ነበር። ባለፈው ሳምንት አርብ በጎረቤታቸው በሉጥፊያ ሰርግ ላይ ሙዚቃ አጫዋች ሆኖ፣ ድምፁን እስከ ጥግ ለቆት አምሽቶ፣ በማግስቱ ስፒከሮቹን በሪክሻ መለሰና "ማሌሽ" ብሎ ሄደ። ካርቱም ውስጥ በዚህች ቃል የማይታለፍ ጥፋት የለም።

ጀምበሬ ባሕሪ ሰፈር ማቀዝቀዣ ሲጠግን ውሎ፣ ድልድዩ ላይ ተንገላቶ ሳጃና ሰፈር ቤቱ ሲገባ፣ መብራት ካለ አንድ ሰዓት ለራሱ ነበረችው። ወንበሩን በሁለቱ ስፒከሮች መሀል ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ማሲንቆ መቺው እጁን ሲያዞር እንኳ ይለይ ነበር። ያቺን ሰዓት ነው የቀሙት። ይበልጥ ያንገበገበው ግን መቀማቱን የሚያምንለት ሰው መጥፋቱ ነው።

ጥፋቱ ከራሱ ጀመረ። አምና ለአንድ ክርስትና አዋሰ፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሩ ስፒከሮቹን ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጋር ይቆጥራቸዋል።

አሁንም የዕድሩ ዳኛ ጋሽ በየነ በሩን ገፍተው ገቡ። ከኋላቸው ቡሪ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው ሁስና፣ የወሎዋ ልጅ፣ አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

"ሐሙስ እሷ ኒካህ ታስራለች" አሉ። "ያላ፣ ስፒከሮቹን አዘጋጅ።"

"ተቃጥሏል እኮ ጋሽ በየነ!"

"የዕድር ዕቃ ይጎዳል፤ ምን ይደረግ?"

"የዕድር አይደለም! የኔ ነው! የገዛሁት እኔ!"

"ነገ ብትሞት ማን የሚሸኝህ ይመስልሃል?"

ጀምበሬ ደሙ ፈላ። በሰው አገር ከተማ ዕድር ያስወጣው ሰው አስከሬኑን ማን አገር ያገባለታል? ያውቀዋል። "ስሞት ስፒከር አልፈልግም!" ብሎ ጮኸና፣ ትንሿን መልሶ አስሮ ዘፈን ከፈተ። "ይስሙት!"

ጋሽ በየነ አዳመጡ። "ይጮኻል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?"

"ኧረ ይሄኛው ታፍኗል" አለች ሁስና ቀስ ብላ፣ ወደ ግራው እየጠቆመች። "በዚያኛው ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል። በዚህ ግን የለም።"

ጀምበሬ ዞሮ አያት። ስምንት ቀን ሙሉ ለስንቱ አስረድቷል፤ ለሚስቱ፣ ለነጂብ፣ ለጎረቤት። አንድም ሰው አልሰማለትም ነበር። 

"ተዉት ጋሼ" አለች ልጅቷ ጀምበሬን። "ኒካሁ ያለሱም ይሆናል ኢንሻአላህ። ደህነኛውን ደግሞ ያቃጥሉብዎታል።"

"ተይ አንቺ! ዕድሩ ነው የሚወስነው" አሉ ጋሽ በየነ።

"ዕድሩ አይወስንም!" ጀምበሬ ዘፈኑን አጠፋ። "ለዕድር ከእንግዲህ አልሰጥም፤ ስሜን ከፈለጉ ይሰርዙት።"

ጋሽ በየነ እያጉረመረሙ ወደ በሩ ዞሩ። እሱ ግን ተንበርክኮ የቀኙን ስፒከር፣ የደህነኛውን፣ ገመድ መንቀል ጀመረ።

"ሁስና፣ ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው?" አለ። "እኔው ተሸክሜው እመጣለሁ። አጠገቡም እቀመጣለሁ።"