የጥንቸሉ ጉዳይ

አሮጌው ጥንቸል ዛሬም ከመጸዳጃ ሣጥኑ ውጪ፣ ምንጣፉ ላይ መሽናቱን ሚስት ለባሏና ለአማቷ በይፋ አስታወቀች። አዲሱ ቤት ከገቡ ሁለት ሳምንታቸው ነው። ሣጥኑን በበረኪና ፈትጋ ጥንቸሉ የሚያውቀውን ሽታ ያጠፋችበት እሷው ናት፤ ይህን ግን ማንም አላነሳም።

«በዚህ ዕድሜው አይለምድም። ቦታ ከማጣበብ በቀር ምን ይሠራል?» አለች።

«እኔ አጸዳለሁ፣ ልጄ» አሉ አማቷ።

«ኧረ እማማ፣ እርስዎን ማን ነካዎት? የምናወራው ስለ ጥንቸሉ ነው።»

ባል ሻዩን ፉት አለ።

ቅዳሜ ጥንቸሉን ለእንስሳት መጠለያ ሊያስረክብ ቅርጫቱን ይዞ ሲወርድ፣ እናቱ ጫማቸውን አድርገው፣ ሻንጣቸውን ታቅፈው መኪናው ውስጥ ተቀምጠው አገኛቸው። ሚስቱም ከበረንዳ አየች። «እማዬ፣ ውረጂ» ያለ የለም። ቅርጫቱን አጠገባቸው አስቀምጦ ሞተሩን አስነሳ።