ከላይ የተጻፈው ስም

በአዳማው የመስኖ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ጉተማና ሚስቱ ሸዋወርቅ። ጉተማ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ብቻዋን ቀርታለች። ከቆቃ የሚለቀቀውን ውሃ እያሰላ ሪፖርት የሚያትመውን ፕሮግራም በሲ ቋንቋ የጻፈው እሱ ነው። እሷንም ያስተማራት እሱ ነው፤ ያውም እየተነጫነጨ።

«ምነው የአዘጋጁን ስም በየገጹ ትለጥፊዋለሽ?» ይላት ነበር። «የማይለወጠውን ነገር ከላይ፣ ከፕሮግራሙ መጀመሪያ፣ አንዴ ቋሚ አድርገሽ ሰይሚው። ከታች በመጠሪያው ብቻ ትጠሪዋለሽ። መለወጥ ቢያስፈልግ እንኳ ከላይ አንዴ ትነኪዋለሽ፣ በቃ!»

ለምሳሌ ብሎ «አዘጋጅ» ለሚለው ቋሚ የራሱን ስም ሰጠው። ከዘመተ በኋላም ሪፖርቱ በእሱ ስም ይወጣ ነበር፤ ሸዋወርቅ ልትነካው አልፈለገችም። ደብዳቤው ከቀረ ሰንብቷል። ማተሚያው እየተንጫጫ ስሙን ሲያወጣው ግን ባሏ ቢሮ የገባ ያህል ደስ ይላታል። ሞኝነት ነው ቢሏት ይበሏት፤ ሌላ ምን ነበራት?

አንድ ሰኞ አለቃዋ አቶ ዘገዬ መጡ። ከበር ጀምረው የሚቀልዱት ሰውዬ ያን ቀን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያሽከረክራሉ።

«ሸዋዬ፣ ይህ የአዘጋጅ ስም ያንቺ ቢሆን ይሻላል። ከበላይ ተጠይቆ ነው።»

«ችግር የለም ጋሼ። የዛሬውን በእጄ አስተካክለዋለሁ፤ እሱ ሲመለስ—»

«የዛሬውን ብቻ አይደለም» አሉ ቶሎ ብለው። «ከላይ ይቀየር። ከእንግዲህ በየትኛውም ሪፖርት ላይ እንዳይወጣ።»

ወዲያው ደነገጡ። ሸዋወርቅም ጎረቤቷ አበዛሽ ሰሞኑን ለምን ዓይኗን እንደምትሸሽ ገባት።

«መቼ ልትነግሩኝ ነበር?»

አቶ ዘገዬ አለቀሱ። «ነገ ማለዳ፣ ቤትሽ፣ ዘመድ ባለበት። እናቱ ዛሬ ከሻሸመኔ ይገባሉ። አያውቁም፤ ሸዋወርቅን አሟታል ብለን ነው የጠራናቸው። እባክሽ ልጄ፣ መንገድ ላይ እንዳይሰሙ።»

መጮህ ፈልጋ ነበር። በምትኩ ፕሮግራሙን ከፈተችና የጉተማን መስመር፣ ኮምፒዩተሩ እንዳላየ እንዲያልፈው፣ በማስታወሻ ምልክት ከበበችው። ከበታቹ የራሷን ስም ጻፈች። ማተሚያው ገጾቹን ሲያወጣ አንዱም ላይ ጉተማ የለም። እሱ እንዳለው ነው፤ ከላይ አንዴ ብቻ ነካችው።

አመሻሽ ላይ አማቷን ለመቀበል መናኸሪያ ቆመች። እናቱ ከአውቶብሱ ወርደው ግንባሯን ዳበሱ።

«አመማት ሲሉኝ ነፍሴ ወጥታ ነበር፤ ደኅና አይደለሽም እንዴ?» አሉና ፊቷን አተኩረው አዩ። «ልጄስ? ፈያዳ? ደኅና ነው?»

ሸዋወርቅ ጓዛቸውን ተቀበለቻቸው።

«ደኅና ነው እማዬ» አለች።